አባባ ኔፎድ ምን እያዩ ነበር

ኖቬምበር 6 ቀን 1929፣ ሞስኮ

ነገ የአብዮቱ በዓል ነው። ግቢው ቀይ ጨርቅ ለብሷል፤ እኛ ደግሞ ካፖርት። ፊልም እሳት ስለሚወድ መቁረጫ ክፍላችን ምድጃ አይፈቀድለትም። ጣቶቼ የፊልም ቁራጮችን በምንቀጥልበት ሙጫ ጠርሙስ ላይ ይደርቃሉ። በአንድ ጠረጴዛ አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ፌክላ፣ "እኔ ሶሻሊዝምን የምቀበለው ምድጃ ይዞ ከመጣ ነው" ይላሉ። ደግነቱ ድምፃቸው ደካማ ነው።

ፊልማችን ስለ ወፍጮ ነው። ገበሬዎች ተባብረው ወፍጮ ያቆማሉ፣ ዱቄቱ ይወርዳል፣ ልጆች ይስቃሉ። በበጋው ሉጎቮዬ ሄደን ቀረጽነው፤ እኔ የተወለድኩበት መንደር ነው። መንደሩን የጠቆምኩት እኔ ስለሆንኩ ትንሽ ኮርቼበታለሁ።

ዳይሬክተራችን ግሌብ ሮማኖቪች ዛሬም ሰብኮናል። "ጀርመኖቹ ጥላውን ግድግዳ ላይ በቀለም ይስላሉ። ፈረንሳዮቹ ሌንሱን በስስ ጨርቅ ሸፍነው ሕልም ያያሉ። እኛ መቀስ አለን!" ተዋናይ አንቀጥርም፤ ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከማሳ ፊት እንለቅማለን። ፊት ደግሞ ብቻውን ባዶ ነው፤ ዳቦ ከገጠምክበት ተራበ ይባላል፣ መቃብር ከገጠምክበት አዘነ ይባላል። እሱ ይህን ሲናገር ሁላችንም እናምናለን። እኔ አሁንም አምናለሁ።

ኖቬምበር 19

ፊልም የሚያጸድቀው ኮሚሽን ፊልማችንን አየ። መብራት ሲበራ አንገቱ ካፖርቱ ውስጥ የሰጠመ አንድ ሰው፣ "ወፍጮው ደስ ይላል። ጠላቱ የት አለ?" አለ።

መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

"በገጠር ትግል ላይ ነን፤ እናንተ ግን የሠርግ ቤት አሳያችሁን። ኩላኩ የት አለ? እህል የሚቀብረው ሀብታም ገበሬ የት አለ?"

ግሌብ ሮማኖቪች ነጭ ሆነ። ኮሪደር ላይ ስንወጣ፣ በረዶ ወርዷል፣ በጋውን ከየት እናመጣለን አልን። እትዬ ፌክላ "ጠላትም እንደ እንጆሪ በበጋ ብቻ ነው የሚገኘው?" አሉ፤ የሳቀ የለም። በመጨረሻ እሱ ራሱ እጁን አጨበጨበ። "ጠላት መቅረጽ አያስፈልግም። ጠላት መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል!"

ከሌላ ፊልም የተረፈ ቁራጭ መጋዘን ውስጥ አለ፤ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ የእህል ጆንያ፣ አይጥ ሲሮጥበት። የሚጎድለው ጉድጓዱን የሚያይ ፊት ብቻ ነው።

ኖቬምበር 21

በጥድፊያ። ፊት ተገኘ። ጉድጓዱ፣ ፊቱ፣ ጉድጓዱ ቀረብ ብሎ፣ ፊቱ። ግሌብ ሮማኖቪች ግንባሬን ሳመኝ። የዳቦ ወረፋው አመለጠኝ።

ኖቬምበር 24

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፈው።

ፊቱ የአባባ ኔፎድ ነው። የክርስትና አባቴ ናቸው። አባቴ የቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን ነበር፤ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ሞስኮ የላኩኝ እሳቸው ናቸው። እዚህ መሥሪያ ቤት የማን ልጅ ነሽ ስባል የደሃ ገበሬ እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ የመንደራችን ዲያቆን ከገበሬውም ያነሰ ነበር የሚበላው። ግን ዲያቆን የሚለውን ቃል ዛሬ ማንም ሰው አፉ ላይ አያመጣውም፤ የካህን ልጅ መሆን ከሥራ ያስባርራል።

በበጋው ካሜራ ጭነን መንደሩ ስንደርስ አባባ ኔፎድ ቆባቸውን አውልቀው "እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጓድ ታይሲያ" አሉኝ። ዝምድናችንን እንደምደብቅ ማንም ሳይነግራቸው ገብቷቸዋል። ሰውዬው የዋህ ይመስላሉ እንጂ ብልህ ናቸው። ባለቤታቸው እማማ ኡስቲኒያ ደግሞ ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ።

እይታው የተቀረጸው እንዲህ ነው። ግሌብ ሮማኖቪች "የምትወደውን ነገር እያየህ ቁም፣ ሽማግሌ" አላቸው። እኔ ከካሜራው አጠገብ ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ሰሌዳ ይዤ ቆሜያለሁ። እሳቸው ወደኔ አቅጣጫ ተመለከቱ። ዓይናቸው ሞላ፣ የከንፈራቸው ጥግ ተንቀጠቀጠ።

ከኋላዬ ጎተራ ነበር።

በመጀመሪያው ፊልም ይህን እይታ ከአዲስ ከተወለደች ጥጃ ጋር ገጥሜው ነበር፤ ያየው ሁሉ ፈገግ ይል ነበር። አሁን ከጉድጓዱ ጋር ሲገጠም ያው ዓይን ስግብግብ ሆነ፣ ያው ከንፈር ምራቁን የሚውጥ መሰለ። ፊታቸው ላይ አንዲትም ነገር አልነካሁም። ይህ እኮ የጥበባችን ተአምር ነው። ለማንኛውም ጎተራውን ነው ያዩት ቢባል ስህተት አይደለም። ገበሬ ጎተራውን ይወዳል።

ዲሴምበር 3

ኮሚሽኑ ተነስቶ አጨበጨበ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት፣ "ዓይኑን እዩት! ይህስ ለገዛ እናቱም ቁራሽ አይቆርስ" አለች። አብሯት ያለው፣ "እንዲህ ያለ ፊት ከየት አገኙት?" አለ። ጀርባዬን ቀና አደረግኩ። ደስታ ነው መሰለኝ፤ ወይም ብርዱ።

የመቁረጫ ክፍሉ ኃላፊ ተደርጌያለሁ። የመንደር ልጅ፣ ሴት፣ በዚህ ዕድሜ! ለአባባ ኔፎድ ብነግራቸው እንዴት ይደሰቱ ነበር።

ዲሴምበር 4

እትዬ ፌክላ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ለከፉኝ።

"ሹመት ያዳብር፣ ኃላፊዬ።"

"አመሰግናለሁ።"

"ያን ፊት ማን አገኘው?"

"ተገኘ እንጂ።"

"ተገኘ! ሽማግሌው ከሉጎቮዬ በእግራቸው መጥተው ጠረጴዛሽ ላይ ወጡ?"

"ዳይሬክተሩ ነው የመረጠው" አልኩ።

"እሱማ የቀይ ጢሙን ባለሱቅ ፊት አምጪልኝ ነበር ያለሽ። እኔ እግሬን እንጂ ጆሮዬን አላመመኝም፣ ልጄ።"

ባለሱቁ ዓይኑን ያርገበግባል። የሚያርገበግብ ፊት ለመግጠም አይመችም፤ ይህን ማንም ባለሙያ ይመሰክራል። እስከ ምሳ ድረስ አላናገርኳቸውም።

ዲሴምበር 17

ዛሬ ድፍረቱ መጣልኝ። ቅጂዎቹ ገና ሳይታተሙ ለግሌብ ሮማኖቪች አነሳሁለት። እሱ "ጓድ" እና "አንተ" በሉኝ ስለሚል ነገሩ ይቀላል።

"ጉድጓዱ ላይ ያለውን ፊት ብንለውጠውስ?"

"ምን ሆነ?"

"መንደሩ ያውቃቸዋል። ሰውዬው ኩላክ አይደሉም። ሁለት ላምና አንድ ፈረስ ያላቸው ሰው ናቸው።"

"ታይሲያ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ፊት ማንም አይደለም። ባዶ ዕቃ ነው፤ ማንም ሊሆን ይችላል።"

"ማንም ከሆነ ሌላ እናድርግበት።"

"ማንም ከሆነ ለምን እንለውጠዋለን?" አለና ሳቀ። ቀጥሎ ግን መሳቁን ተወ። "ሰውዬው ምንሽ ነው?"

"ምኔም" አልኩ። "የመንደር ሰው ናቸው።"

እትዬ ፌክላ ከጠረጴዛው ወዲያ ሙጫ እየቀቡ ነበር። ቀና አላሉም። የኔ ጆሮ ግን እሳት ሆነ።

ጃንዋሪ 8

ትናንት እንደ ጥንቱ አቆጣጠር ገና ነበር። ማንም ስሙን አላነሳም። እትዬ ፌክላ ማር የነካው ስንዴ በትንሽ ጣሳ ይዘው መጥተው "በልተሽ ጣሳውን መልሺ፣ ያየሽ እንዳይኖር" አሉኝ። በልጅነቴ በዚህ ቀን አባባ ኔፎድ የግቢውን በረዶ ጠርገው እስኪጨርሱ መስኮት ላይ ሆኜ እጠብቅ ነበር። ስንዴውን ሳልጨርስ ጣሳውን መለስኩ።

ፊልሙ ለኅብረት እርሻው ዘመቻ በየአውራጃው እየተላከ ነው። በበረዶ መንሸራተቻ ጋሪ፣ ከነማሳያ መሣሪያው። ሶቪየት ኅብረት ትልቅ አገር ነው፤ ሉጎቮዬ ደግሞ ከዋናው መንገድ የራቀ ነው። ለምን ወደዚያ ይወስዱታል?

ጃንዋሪ 28

በጥድፊያ። ግሌብ ሮማኖቪች አልነበረም፣ ስልኩን እኔ አነሳሁ። ከአንድ አውራጃ ኮሚቴ ነው። ድምፁ የወጣት ነው። "ጓድ፣ ጉድጓዱን የሚያየው ሰው ተዋናይ ነው?" አለኝ።

"አይደለም። እኛ ተዋናይ አንጠቀምም፤ እውነተኛ ገበሬ ነው" አልኩት። ለማንኛውም ጠያቂ የምንመልሰው ይህንን ነው፤ ግድግዳችን ላይም ተጽፏል።

"እናመሰግናለን፣ ጓድ፣ ይበቃናል" አለና ዘጋ። የት አውራጃ እንደሆነ አልጠየቅኩም። መስመሩ መጥፎ ነበር።

ጃንዋሪ 29

የአውራጃውን ስም ሳይነግረኝ አልቀረም፤ የጀመረው በ"ሪያ" ይመስለኛል። መንደራችን ያለበት የሪያዛን ክፍለ ሀገር ደግሞ ትልቅ ነው። መስመሩ በጣም መጥፎ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይል ነበር አባቴ። ግን እኔ ያመለጠኝ ነገር የለም፤ የተናገርኩት እውነት ነው።

ፌብሩዋሪ 12

እማማ ኡስቲኒያ መጡ። ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻላቸው ላይ በረዶው እንዳለ። ጎረቤቶቼ በራቸውን ገርበብ አድርገው ያያሉ። ፈጥኜ ወደ ክፍሌ አስገባኋቸው። ሻይ ቀዳሁ፤ አልጠጡትም፤ ብርጭቆውን ለሙቀት ያዙት እንጂ።

"ታያ፣ ወሰዱት እኮ" አሉኝ በልጅነት ስሜ ጠርተው።

"ማንን?" አልኩ። ማንን ብዬ መጠየቄ አሁንም ያሳፍረኛል።

ፊልሙን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አሳዩት። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ራሱን እያየ ተንጫጫ፤ "ያቻት ማርፋ፣ ኧረ አፍንጫዋ!" እየተባባለ። ከዚያ ጉድጓዱ መጣ፣ የአባባ ኔፎድ ፊት መጣ። ቤቱ ጭጭ አለ።

"እሱ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ሳቀ! በሰው ፊት ጮክ ብሎ፣ 'ይህማ ታያን ያየሁበት ነው! ያቺን ነጭ ሰሌዳ ታቅፋ ስትንገዳገድ!' አለ። ምስኪን፣ ቀጥሎ አንቺን የሚያሳዩ መስሎታል። ያኔ የመንደሩ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ተነሳ። 'ጉድጓዱስ?' አለው። 'የምን ጉድጓድ?' 'አሁን እያየህ የነበረው ጉድጓድ!'"

ግቢውን ቆፈሩት። የጎተራውን ወለል፣ የላሞቹን በረት፣ የጎመኑን መደብ ሁሉ።

"ቢያገኙ ይሻል ነበር፣ ልጄ። ባዶ መሆኑ ነው ያጠፋን። 'ተንኮለኛ ነው፣ ሌላ ቦታ አዛውሮታል' አሉ። ጎረቤቶቻችን እንኳ፣ አርባ ዓመት አብረውን የኖሩት፣ 'ፊልም እኮ ዝም ብሎ አያሳይም' ይላሉ። አንድ ልጅ እግር ካድሬ ብቻ ሰው መሰለ፤ ተዋናይ ይሆናል እንጠይቅ ብሎ ሞስኮ ደወለ። ሞስኮ አይደለም አለች።"

"ማን ነው ያለው?"

"አንዲት ሴት አሉ።"

ሻዬን ጠጣሁ። ምላሴን አቃጠለኝ።

"አሁን አውራጃው እስር ቤት ነው፤ ወደ ሰሜን በግዞት የሚሄዱትን እየለዩ ነው። ነይና ተናገሪ፣ ታያ። ያየው አንቺን እንደሆነ ካንቺ በቀር ማን ያውቃል? ምስክር ነሽ፣ ባለሙያም ነሽ፣ ይሰሙሻል።" ከዚያ ድንገት ድምፃቸው ጠነከረ። "ያንን ጉድጓድ እሱ ላይ የገጠመ እጁ ይቆረጥ!"

እንዲህ ካሉ በኋላ እጄን አዩት። ሁለቱንም በመዳፋቸው መካከል አስገቡ። "ምነው እንዲህ ቀዘቀዝሽ? ምድጃ የላችሁም እንዴ የምትሠሩበት?" እያሉ አሹልኝ። እስኪሞቅ አልለቀቁኝም።

በዕረፍቴ ቀን እንደምመጣ ማልኩላቸው። ከመሄዳቸው በፊት በሩ ጋ አማተቡብኝ። ጎረቤቴ በኮሪደሩ እያለፈች ስለነበር ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ። ያዩ አይመስለኝም። ያዩም ይሆናል።

ፌብሩዋሪ 17

መንግሥት የእሑድን ዕረፍት ከሰረዘ ወዲህ እያንዳንዱ የየራሱ ዕረፍት አለው፤ የኔ ዛሬ ነበር። ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ወረፋው እስከ በሩ ነው። ከፊቴ ያለው ሰው፣ አሁን ወደ ገጠር የሚሄድ ሁሉ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ይጠየቃል፣ ወደ ማን እንደሚሄድም ይጻፋል አለኝ። እኔ ወረቀት የለኝም። ወረቀት ለማውጣት ወደ ማን እንደምሄድ መናገር አለብኝ። ወደ ማን? ወደ ክርስትና አባቴ። ክርስትና ያስነሳሽ ማነው፣ አባትሽስ ምን ነበር? ይሉኛል።

ከወረፋው ወጣሁ። ነገ ከግሌብ ሮማኖቪች ወረቀቱን እጠይቃለሁ። ያለ ወረቀት ሄጄ ብባረር ለእሳቸውም አይጠቅም።

ፌብሩዋሪ 18

አልጠየቅኩም። ግሌብ ሮማኖቪች ጥርሱን አሞት ውሏል።

ፌብሩዋሪ 20

ራሴን ያመኛል። የሙጫው ሽታ ነው። እትዬ ፌክላ "የኔ እመቤት፣ ሙጫ የዛሬ ነገር አይደለም፤ ድሮ አያምሽም ነበር" አሉኝ። ሁሉን ነገርኳቸው። ሁሉን ሳይሆን፣ ስለ ስልኩ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም "ወረቀት ምን ያደርግልሻል? በእግርም ይኬዳል እኮ" አሉ። ለእሳቸው ቀላል ነው። የሚያጡት ነገር የላቸውም።

ፌብሩዋሪ 26

የመንደራችን አናጢ እዚህ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው። መንገድ ላይ ያዘኝ። "ሰማሽ? ኔፎድንና ኡስቲኒያን የከብት ፉርጎ ላይ ጫኗቸው። ወደ አርካንጌልስክ ነው ይላሉ፤ ደን ቆረጣ።" ስንት ዓመታቸው ነው ብዬ ጠየቅኩት፤ እኔ የማላውቅ ይመስል። "ለደን ሥራ ዕድሜው አልፏል" አለኝ። ደግሞ፣ "እስከ መጨረሻው ጣቢያው ላይ አንገቱን እያሰገገ ከሞስኮ በሚመጣው ባቡር በኩል ያይ ነበር። ማንን እንደሚጠብቅ እንጃ" አለ።

ትራም ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰዎች ቦታ ለቀቁልኝ።

ማርች 8

ጋዜጣው ተገልብጧል። በገጠር ከልክ በላይ ተኪዷል፣ መካከለኛው ገበሬ ያለ ጥፋቱ ተነክቷል ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ አላረፈም። ከሰዓት በኋላ ግሌብ ሮማኖቪች ሮጦ ገባ።

"ጉድጓዱን አውጪው! ጥጃዋን መልሺ! ወፍጮው እንደ መጀመሪያው ይሁን።"

ጉድጓዱን አወጣሁ፤ ጥጃዋን ገጠምኩ። ሙጫው እስኪደርቅ ብቻ ነው የፈጀው። አባባ ኔፎድ እንደገና ደግ ሰው ሆኑ።

"የድሮውን ያዩት መንደሮችስ?" አልኩት። "ስህተት እንደነበር የሚነግራቸው አለ?"

"የድሮው ቅጂ ተሰብስቦ ምስሉ ከላዩ ይታጠባል። ስለሌለ ፊልም ምን ብለን እንናገራለን?"

"ሰዎች ተይዘው ቢሆንስ?"

"ታይሲያ" አለኝ በለሆሳስ፣ በሩን አየት አድርጎ። "አንቺ ምርጥ ባለሙያዬ ነሽ። አትጠይቂ።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ያውም ጩኸት ከተባለ።

ማርች 15

ዛሬ ኮሚሽኑ አዲሱን አየ። በሞላ አዳራሽ፣ ከፒያኖ ጋር። ጨለማው ውስጥ አባባ ኔፎድ በግድግዳው ልክ ሆነው መጡ። እኔን አዩኝ። ቀጥሎ ጥጃዋ መጣች፤ ሰው ሁሉ "ኡፍ" አለ፤ ያችው በዲሴምበር ከኋላዬ የነበረች ሴት አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። እኔ ጥጃዋን አላየኋትም። በቀረጻው ቀንም ጎተራ አልነበረም። ከኋላዬ አጥር ነው የነበረው፣ ከአጥሩ ወዲያ ሜዳ።

መብራት በራ። አንገቱ ካፖርቱ ውስጥ የሰጠመው ሰው ዓይኑ እርጥብ ነው።

"ያ ሽማግሌ! የሶቪየት ገበሬ ማለት እሱ ነው። ለምረቃው ቀን አምጡልን፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡ ይየው።"

ግሌብ ሮማኖቪች ወደኔ ዞረ። "ታይሲያ ታውቀዋለች፤ መንደሯ ነው።"

ሁሉም አዩኝ። እትዬ ፌክላም ከበሩ አጠገብ ቆመው አዩኝ። ተናገሪ የሚል ዓይን ነበር። አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር፤ እምላለሁ፣ ልናገር ነበር።

"አሁን መንደሩ ውስጥ የለም" አልኩ። "ወደ ሰሜን ሄዷል።"

"ወደ ሰሜን? በዚያ ዕድሜ? ለሥራ ነው?"

"ለሥራ ነው።"

"ይኸዋ!" አለ ሰውዬው ወደ አዳራሹ ዞሮ። "በዚያ ዕድሜው እንኳ አገር ሊገነባ ሄዷል!"

አዳራሹ ተነስቶ ለአባባ ኔፎድ አጨበጨበ። እትዬ ፌክላ ወጥተው ሄዱ። እኔም ተነስቼ አጨበጨብኩ።